ሁለት ጆሮ ያለው ድንጋይ

ነይ እስኪ ብሩክታይት፣ እዚህ እኔ ጎን ተቀመጪ። ያኛው ሶፋ ሰው ይውጣል፤ አንዴ ከገባሽበት ጎትቶ የሚያወጣሽ ሰው ያስፈልግሻል። መንገዱ እንዴት ነበር? ዝናቡ ሲያባራ መኪናው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚወጣው መሰለኝ። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ድረስ ተሰልፋችሁ መጣችሁ አሉ። እኔም ከሰሚት እዚህ ቅርቡን በታክሲ ተጣብቄ መጣሁ፤ ያውም ሻንጣ ይዤ። በሩ ጋ ያለውን ሻንጣ አየሽው አይደል? እሱን ኋላ እነግርሻለሁ።

ቤቱ እንዴት ያምራል። መጋረጃው፣ ምንጣፉ… ግድግዳው ላይ ያለውንማ ገና አላየሽውም፤ ነጠላ ለብሷል። እንደ ሙሽራ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲያበቃ ነው የሚገለጠው ተብሏል። እስከዚያው ላጫውትሽ። የወንድሜ ልጅ ሃይለኣብ እንደሆነ አግብቶ አመጣሽና ቢራውን ይዞ በረንዳ ወጣ። ለቤተሰቡ አዲስ ሰው ነሽ፤ ብቻሽን ስትቀመጪ ባይሽ ይከፋኛል።

…ኧረ ተባረክ የኔ ጌታ፣ ለኔ አምቦ ውሃ ይበቃኛል። ለሷም ስጣት። እጅህ ይባረክ።

አየሽ ትሕትናውን? በገዛ ግብዣው ራሱ ትሪ ይዞ ይዞራል። ሚስቱ ወጥ ቤት ናት፤ ጠዋት እንደገባች ነው። እንዲህ ነው ሥራ ተካፍሎ መኖር፤ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ያቀርባል።

ምን ነበር የማወራሽ? አዎ፣ ስለ ሽርሽር። አንቺና ሃይለኣብ እሁድ እሁድ ወጣ ትላላችሁ ወይ ልልሽ ነበር። መውጣት ጥሩ ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። የሰው እንጀራ እየበሉ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው። ሚስቱ የሥጋ ዘመዴ ናት፣ ይህን ካወቅሽ ይበቃሻል። …ወደዚያ አትዪ እንጂ፣ ሰዉ ስለሱ የምናወራ ይመስለዋል።

ይህ ሰው ተፈጥሮ ይወዳል። መውደድ ብዬሽ! ድሮ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ኬክ ቤት ነበር የሚሄደው። ልጅቷ እስከ አፍንጫዋ ክሬም ተቀብታ፣ ሚስትየው ማኪያቶዋን ይዛ፣ እሱ ስልኩን እየነካካ… ያው እንደ ሰው ይኖሩ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ካሜራ ገዛ። ካሜራ ስልሽ ሰርግ ላይ የምታዪው እንዳይመስልሽ። አፍንጫው ክንድ ያህላል። ልብስ አለው፣ ለብቻው ቦርሳ አለው፣ ዝናብ አይወድም፣ አቧራ አይወድም። ቤቱ አራስ ያለበት ነው የሚመስለው። እንደውም እውነተኛው ሕፃን ከተወለደ በኋላ እንኳ መኪና ውስጥ ቀበቶ የሚታሰርለት ካሜራው ነው፤ ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ወዲያ ኬክ ቤት ቀረ። ገና ሳይነጋ ቤተሰቡ ይቀሰቀሳል፤ ምክንያቱም «ላይቱ ያመልጣል»። መብራት ያመልጣል ሲባል እኔ የማውቀው የሰሚቱን ነው፤ እሱ ደግሞ ካመለጠ በመኪና አሳደሽም አትደርሺበትም። ቅዳሴውስ ሲሉት፣ እግዚአብሔርን በፍጥረቱ ማየት ይበልጣል አለ። ትልቅ ንግግር ነው። በእርግጥም የፈጣሪን ፍጥረት ሁሉ አይቶ ጨርሷል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው የቀረው።

ልጆቹ ቀይ መልበስ ተከለከሉ። ቢጫም። ወፍ ይደነግጣላ። አፈር የመሰለ ሱሪ፣ ቅጠል የመሰለ ሸሚዝ ተገዛላቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሲወርዱ አንድ ገበሬ የደን ጥበቃ መስለውት፣ ሰባት ዓመት ላልሞላት ልጅ «እኔ አልቆረጥኩም፣ በአቦ» ብሎ ሲምልላት ነበር አሉ። ቺፕስ ክልክል ነው፤ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ማስነጠስ ክልክል ነው። መሳቅማ አይነሳም። ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል ይባል የለ? በነሱ ሽርሽር ወፉ እንዳገሩ ይጮሃል፤ ሰዉ በገዛ አገሩ ዝም ይላል። ቆይቶ ቆይቶ ትልቋ ልጅ ጭራሽ በሹክሹክታ ማውራት ለመደች። መምህሯ እናቷን አስጠርታ ልጅቷ ጉሮሮዋን ታማለች ወይ ብትላት እናት ምን ትበል? እሁዷ ነው ሳምንቱን ሙሉ የዘለቀባት ትበል?

አንዴ ደግሞ ከኮተቤ በላይ ያለው ደን ሄደው፣ ሩቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ነጭ ሳቢሳ አየሁ ብሎ ሁሉንም መሬት አስተኛቸው። ሳቢሳዋ ክንፏን ታነሳለች፣ ታወርዳለች፤ ታነሳለች፣ ታወርዳለች፤ አትበርም። ልጅቷ «አባዬ፣ ፌስታል ነው» አለችው። ዝም በይ፣ ትሰማሻለች አላት። ሚስትየው ገና ከመኪና ሲወርዱ ፌስታል መሆኑን አውቃለች፤ ግን የባሏን ደስታ መቀማት አልወደደችም። ፌስታሉን ብዙ ፎቶ አነሳው። ደግነቱ ፌስታሉም አልሸሸውም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ ትዕግሥቱን የሚያይለት ነገር አያጣም።

ሚስትየውማ… እሱ ያለሷ አንድ እርምጃ አይራመድም። እንዲህ ያለ ፍቅር በዚህ ዘመን አላየሁም። ትንሹን በጀርባዋ አዝላ፣ የካሜራውን ማቆሚያ ባለሦስት እግሩን በአንድ እጇ፣ ጃንጥላ በሌላ እጇ ይዛ ትከተለዋለች። ጃንጥላው ለማን መሰለሽ? ለካሜራው ነው። ሕፃኑ ላይ ሲዘንብ ተይው፣ ዝናብ ልጅን ያሳድጋል አላት። እውነቱን ነው፤ ካሜራው አያድግም።

ደግሞ ወፏን ቀድማ የምታያት እሷ ናት። ሶረን ትሁን ድንቢጥ፣ እሷ ሳታይለት ያየው ነገር የለም። ከደረቁ ቅርንጫፍ በስተግራ ብላ በሹክሹክታ ታሳየዋለች፤ እሱ ወደ ቀኝ እያየ አይቻታለሁ ይላል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ «ባለ ንስር ዓይን» ብለው ይጽፉለታል። ያስመሰግናል። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ተብሎ የለም? ዓይኑ እሷ ናት፣ አፉ እሱ ነው።

የቤተሰብ ፎቶስ አላነሳቸውም ወይ አትዪኝም? አንስቷቸዋል እንጂ። አንድ አለ። የወፍ፣ የጋጋኖ ፎቶ ነው፤ ከጋጋኖው ኋላ ደብዘዝ ብለው ልጆቹ ይታያሉ። ትንሹ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ጋጋኖው ግን ቁርጥ ራሱን ነው።

አንድ እሁድ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ወደ ለገዳዲ፣ ውሃው ዳር። ሹራቤ ተመርምሮ አለፈ፤ ሳሌን ግን መኪና ውስጥ ጨርሼ እንድወርድ ተነገረኝ። የዚያን ዕለት የሚፈለገው ጭልፊት ነበር። ለልጆቹ እንቁላል በዳቦ ተጠቅልሎላቸዋል። ለጭልፊቱ ግን ከሥጋ ቤት ብርንዶ ተገዝቶለታል፤ ያውም ስብ እንዳይኖርበት ተብሎ። እንግዳ አክባሪ ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ለኔ የደረሰኝ እንቁላሉ ነው፤ ግን እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ ቤተሰብ ነኝ።

ካሜራውን ሳሩ ላይ ከቦርሳው ጋር አኖረና ሥጋውን ይዞ አንድ ድንጋይ ላይ ሊዘረጋለት ጎንበስ አለ። ጭልፊት ደግሞ ገበታ እስኪቀርብለት እጁን ታጥቦ የሚጠብቅ ጨዋ አይደለም። ከሰማይ እንደ ወረደ ከእጁ ላይ… ቧጨረው አይባልም። ነካው። ነካው ብቻ። ሰውየው ካሜራውን ሳሩ ላይ፣ ሥጋውን ድንጋዩ ላይ፣ ልጆቹን ሜዳው ላይ ትቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ፈሪ ማለቴ አይደለም፤ አፌን ይያዘው። ፈሪ ቢሆን በሩን ይቆልፍ ነበር… አዎ፣ ቆልፎታል። ግን መስታወቱን ጣት ታህል ከፍቷት ነበር። በዚያች ክፍተት አፉን አስጠግቶ «ካሜራውን! ካሜራውን!» ይላል። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ንብረቱን ያልረሳ ሰው አስተዋይ አይባልም? ልጆቹንማ እናታቸው ታስታውሳቸዋለች።

አስታወሰቻቸውም። ትልቋን ወደኔ ገፋ አደረገቻት፤ ሹራቤ ሥር ከተትኳት። ትንሹን እንዳዘለች ካሜራውን አነሳችው። ወራት ሙሉ ስትሸከመው አንድ ቀን ዓይኗን አስጠግታበት አታውቅም። ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባዋ ገና ዝቅ እንዳለች ናት። ጭልፊቱ ዞረና ለቀረው ሥጋ ተመልሶ መጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሷ አልጨፈነችም። ባለችበት ቆማ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችው።

ከዚያ «እትዬ፣ ይዩልኝ እስኪ» ብላ አሳየችኝ። ክንፉን ዘርግቶ፣ ጥፍሩ ሥጋው ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው፣ ቢጫ ምንቃሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ። ከሥሩ ሳሩ ላይ ደግሞ ረጅም ጥላ አለ። ያንን ጥላ ልብ በይልኝ፣ እመለስበታለሁ። ሚስትየው ሳቀች። መሳቅ ክልክል መሆኑን ረስታ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ ልጆቹም ሳቋን ሰምተው ሳቁ። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ሳታገባ በፊት ነው። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

ጭልፊቱ ርቆ ከሄደ በኋላ… በደንብ ከራቀ በኋላ… ጌታው ከመኪናው ወረደ። አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሴቲንጉን እኔ ነበርኩ ያስተካከልኩት» አለ። ሐሰት ነው አልልሽም። ድስቱን የገዛ ሰው ዶሮ ወጡን ሠራሁ ቢል ማን ይከለክለዋል?

…ኧረ ጠግቤአለሁ የኔ ልጅ፣ ሳንቡሳው ይቅርብኝ። ምነው፣ ቆመህ ቀረህ እንዴ? ትሪውን አስቀምጠውና ትንሽ አረፍ በል። እኛማ ስለ ሌላ ሰው እየተጫወትን ነው፤ አታውቀውም።

ታታሪነቱ አይገርምሽም? እና ያ ፎቶ ለውድድር ተላከ። በማን ስም ብለሽ አታስቸግሪኝ። ኢሜይሉ የሱ ነው፣ ኢንተርኔቱን የሚከፍለው እሱ ነው። የሷ ዓይኗ ብቻ ነው፤ ዓይን ደግሞ ፓስወርድ የለውም። አሸነፈ። ቦሌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ተደርጎ ተሰቀለ፤ እኛም ለብሰን ሄድን። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ዳኛ ፎቶው ፊት ቆሞ ለሰዉ ያስረዳል። ጭልፊቱ እንኳ ብዙም አልገረመው፤ የገረመው ከሥሩ ያለው ጥላ ነው። የተራራ ጥላ ነው አለ። ተራራው አይታየንም፣ ክብደቱ ግን ይሰማናል፣ የትውልድ ሸክም ነው አለ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ከሰው ላለመለየት ነቀነቅኩ።

ባለፎቶውን ጠየቁት። እሱ ትሑት ነው፣ ተራራ አላለም። ድንጋይ ነው አለ። የዚያን ድንጋይ ጥላ በልኩ ለማግኘት ጤዛ ላይ በሆዱ ተኝቶ እንደጠበቀ ነገራቸው። ጤዛውንም ቅዝቃዜውንም እንዲህ አድርጎ ሲተርከው፣ እኔ እዚያ የነበርኩት ሴትዮ እንኳ ላምነው ምንም አልቀረኝ።

ዓይኔ ደከም ስላለ ጠጋ ብዬ አየሁት። ድንጋዩ ትከሻ አለው። ይሁን፣ ድንጋይ ትከሻ ሊኖረው ይችላል። ከትከሻው በላይ ራስ አለው። ይሁን። ከራሱ ጎን ሌላ ትንሽ ራስ ብቅ ብሏል። እሱም ይሁን። ትንሹ ራስ ላይ ግን ሁለት ድብልብል ጆሮ አለ… ብሩክታይት፣ ያንን ቆብ በኪሮሽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለትንሹ ክርስትና። ጆሮዎቹ አልስተካከል ብለውኝ ስተረትር ስሠራ ሰነበትኩ፤ ያም ሆኖ አንዱ አነሰብኝ። ጥላው ላይም አንዱ ያንሳል። እስኪ በሞቴ፣ ልጅ ያዘለ ድንጋይ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁለት ጆሮ ያለው?

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላሉ። እሱ ደግሞ ወፉን አየና ጥላውን ሳያይ ለአገር ሰቀለው። ዛሬ ሕፃን ልጅ እንኳ በስልኩ ያልወደደውን ግርጌ ቆርጦ ይጥላል። እሱ ምን ብሎ ይቁረጠው? አላየውማ። ሚስቱ እዚያ ሜዳ ላይ ቆማ ያላያት ሰው ጥላዋን በምን ዓይኑ ያያል?

እሷስ የት ነበረች አትዪም? እዚያው። ከፎቶው ሥር፣ ትንሹን አዝላ፣ ትንሹ ያንኑ ቆብ አድርጎ። ጥላዋ ግድግዳው ላይ፣ እሷ ወለሉ ላይ። ከዚያ ሁሉ ራስ ነቅናቂ አንድ ሰው እንኳ አላገናኘውም። ይባስ ብሎ የአዳራሹ ፎቶ አንሺ መጣና «እናት፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ አሸናፊው ከሥራው ጋር ይነሳ» አላት። ፈቀቅ አለች። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ቃል እግዚአብሔር ነው የመለሰልኝ። ባሏም አጠገቧ ነበር። ፈቀቅ ስትል መንገድ ለቀቀላት፤ ጨዋ ሰው ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። የእምዬን ወርቅ ወደ አብዬ መለከክስ ምን ይባላል? እስካሁን ስም የወጣለት አይመስለኝም። ምናልባት ሽልማት ይሆናል የሚባለው።

ሽልማቱን ነገርኩሽ? ባሌ ተራራ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትልልቅ ፎቶ አንሺዎች ጋር፣ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ፣ ትምህርቱም ማደሪያውም የተቻለ። መነሻው ሰኞ ነው። ሚስትየው በትዳሯ ሙሉ ይህን ስጠኝ ብላ አታውቅም። ይህን ጠየቀችው። ልሂድ እንኳ አላለችም፤ እኔም አብሬህ ብሄድ፣ አንድ ቀን ብቻ ካሜራውን ብይዘው ነው ያለችው። አልተቆጣትም። እሱ ተቆጥቶ አያውቅም። ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል አላት። ሴቲንጉንስ የት ታውቂውና አላት። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁም ሣጥኑም ይቆለፋል። ዕቃን መጠበቅ ጥሩ ጠባይ ነው መቼም። መቆለፍ ላይ ድሮም ጎበዝ ነው።

ይህን የነገረችኝ ሳህን እያጠበች ነው። ለምን ዝም ትያለሽ ብላት ከልጆቼ አባት ጋር በሰው ፊት ልከራከር ወይ አለችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደቆመች፣ «እትዬ፣ ስሙስ ይቅር። ቀይ ቀበሮዋን ግን በዚያች ቀዳዳ ባያት ደስ ይለኝ ነበር» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ወርቁን ማን አንገቱ ላይ እንዳደረገው ግን ይኸው እያየን ነው።

አሁን ሻንጣውን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ እትዬ ወዴት ሊሄዱ ነው ይለኛል። የትም አልሄድም። የሌሊት ልብሴ ነው፣ ነጠላ ጫማዬ፣ የኪሮሽ ክሬ፣ የውዳሴ ማርያም መጽሐፌ። ለሁለት ሳምንት ይበቃኛል። ጥያቄው ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል አልነበር? እኔ እይዛቸዋለሁ። አባታቸውም አለ። ልጅ መያዝ አላውቅበትም ይል ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ሴቲንጉን እኔ አስተካክልለታለሁ።

ስሚ፣ እየጠራኝ ነው። «እትዬ ትበርህ፣ ሕምባሻውን ይባርኩልን» ይላል። እስኪ እጄን ያዢና አንሺኝ። በዚህ ቤት ታላቅ እኔ ነኝ፤ ታላቅ ሲመርቅ ሁሉም አሜን ይላል። ይህን ሕግ ባርኔጣ ያደረገ ዳኛም አይሽረውም። ትንሹን ወዲህ አምጪልኝ። ቆቡ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ አለ፤ አድርጊለት። እንዲህ ነው የኔ ማር፣ ጆሮህን ቀና አድርግ።

ሰምሃል፣ ነይ የኔ ልጅ። ሽርጡን ፍቺና ነይ። ወጡ አያርርም፣ ቢያርርም ይረር። ነጠላው ያንቺ አይደል? አንቺው ግለጪው። …እልል በሉ እንጂ። አቤት ሲያምር። እናንተ ከቢሮ የመጣችሁትም ተጠጉ፣ አትፈሩ፣ ጭልፊቱ አይናከስም። እሱን እንኳ ተዉት፤ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እዩልኝ። ሕፃኑን እዚህ ጎኑ ልያዘው፣ ከብዶኛል ግን እችለዋለሁ። ቆቡን አያችሁ? ድንጋዩንስ? አንቺ ደግሞ ፈቀቅ አትበይ፣ እዚሁ እኔ ጎን ቁሚ።

ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁ? እዚህ ወፍ የለም፣ ተናገሩ።

በሉ እሺ፣ እጃችሁን ዘርጉ። ይህን ቤት እግዚአብሔር ይባርከው፤ ከገበታው እህል፣ ከደጃፉ ሰው አያጉድልበት። ልጆቹን በሳቅ ያሳድግልን። ይህን ፎቶ ያነሳውን እጅ ይባርክልን፤ ሰኞ መንገዱን ያቅናለት፣ ቀይ ቀበሮዋን ከፊቱ ያቁምለት፣ በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን። ያላነሳውንም ጌታ አይርሳብን፤ በቤቱ፣ በልጆቹ መሃል፣ በሩን ቆልፎ በጤና ይጠብቅልን። የምታይለትን ዓይን፣ የምታዝልለትን ጀርባ ዕድሜ ልኩን አያሳጣው።

አሜን በሉ… አንተ ቀድመህ በል እንጂ የኔ ጌታ፤ ምርቃቱ ለቤትህ ነው።